በሺዎች ለሚቆጠሩ ዘፈኖች የቢፒኤም ታግ ማስገባት፦ በምን ሶፍትዌር? የቱን ቁጥር ማመን?

ዘፈን_ቆጣሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ።

ብዙ ዓመት የተጠራቀመ የሙዚቃ ስብስብ አለኝ፤ አብዛኛው ኤምፒ3፣ ቀሪው ፍላክና ኤምፎርኤ። የዘፋኝ፣ የአልበምና የዓመት ታጉን (ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈውን መረጃ) ፒካርድ በሚባል የታግ ማረሚያ ፕሮግራም አጽድቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ፍጥነት ነው። የቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ኮለሙን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ባዶ።

ዲጄ አይደለሁም፤ ዘፈን ከዘፈን የማጋጠም ሐሳብ የለኝም። የምፈልገው ሁለት ፕሌይሊስት ነው፦ አንዱ ለሩጫ፣ ከ160 እስከ 175 ያለውን የሚሰበስብ፤ ሌላው ቁጭ ብዬ ስሠራ የምከፍተው፣ ከ90 በታች ያለውን። አዲስ ዘፈን በጨመርኩ ቁጥር ራሳቸው እንዲታደሱ ነው ምኞቴ። በእጅ መምረጡ ሰልችቶኛል።

ጥያቄዎቼ፦ ፒካርድ ራሱ ይህን ይሠራል ወይ? ካልሠራ፣ ዘፈኑን ሰምቶ ቁጥሩን ፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው የቱ ነው? ስብስቡን በሙሉ በአንዴ ብለቅበት የሚበላሽ ነገር ይኖራል? ደግሞ ለሙከራ አንዱን ዘፈን ለሁለት ፕሮግራም ብሰጥ አንዱ 84፣ ሌላው 168 አለኝ። የቱን ልያዝ?


ቤዝ_ከፍ_አድርግ

ሁለቱንም ያዝ! አንዱ ራስህን የምትነቀንቅበትን ቆጠረ፣ ሌላው እግርህን የምትጥልበትን።

እኔ ብሆን ሚክስክስን አወርድና (የዲጄ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊነክስም ይሠራል) ሙሉ ፎልደሩን ሰጥቼው፣ ሁሉንም መርጬ «አናላይዝ» ብዬ እተኛለሁ። ስትነሳ ኮለሙ ሞልቶ ይጠብቅሃል። ለሩጫ ፕሌይሊስት ከዚህ በላይ መጨነቅ ትርፍ ነው።


ሥርዓት_ወዳዷ

ቤዝ፣ ኮለሙ የሚሞላው ሚክስክስ ውስጥ ነው። ፋይሉ ውስጥ ላይሞላ ይችላል። ለጠያቂው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ዘፈን_ቆጣሪ፣ መጀመሪያ የፒካርዱን። ፒካርድ የዘፈኑን የድምፅ አሻራ ወስዶ በአኩስትአይዲ በኩል ማንነቱን ይለያል፤ ከዚያ ስሙን፣ አልበሙን፣ ዓመቱን ከሚውዚክብሬይንዝ ያመጣል። ያ ዳታቤዝ ዘፈኑ የማን እንደሆነና መቼ እንደወጣ ይመዘግባል እንጂ ፍጥነቱን አይዝም። ቀድሞ አኩስቲክብሬይንዝ የሚባል እህት ፕሮጀክት ነበር፤ ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ያሰሉትን ፍጥነትና ቅኝት ይሰበስብ ነበር። በ2022 አዲስ መረጃ መቀበል አቁሟል። ስለዚህ «ቢፒኤም ከአኩስቲክብሬይንዝ የሚያወርደውን ፕለጊን ጫን» የሚል የቆየ መመሪያ ካጋጠመህ እለፈው። ፒካርድ የቢፒኤም ፊልዱን ያውቀዋል፤ በእጅህ ብትጽፍበት በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጥልሃል። ስሌቱን ግን ብቻውን አይሠራልህም፤ የሚያሰላ ተጨማሪ ፕለጊን ወይም ሌላ ፕሮግራም ያስፈልግሃል።

ወደ ሚክስክስ ልመለስ። አናላይዝ ሲያደርግ ውጤቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ዳታቤዝ ነው። ወደ ፋይሉ እንዲገባ ከፈለግህ ሁለት መንገድ አለ። አንድም በማስተካከያው የላይብረሪ ክፍል ውስጥ፣ የተለወጠውን መረጃ ወደ ፋይል ታግ እንዲጽፍ የሚፈቅደውን ምርጫ ታበራለህ፤ አለዚያም ዘፈኖቹን መርጠህ በቀኝ ክሊክ፣ ሜታዳታ ከሚለው ስር፣ ወደ ፋይል ታግ እንዲልክ ታዘዋለህ። ከሁለቱ አንዱን ካላደረግህ ሌላ ማጫወቻ ስትከፍት ኮለሙ እንደነበረው ባዶ ነው።

ሙከራውን በትንሽ ፎልደር ቅጂ ላይ ጀምር። ከኤምፒ3ም ከፍላክም ከኤምፎርኤም ቀላቅልበት። ውጤቱን ስታረጋግጥ ደግሞ በጻፈው ፕሮግራም አታንብበው፤ ኤምፒ3ታግ በሚባለው የታግ ማረሚያ ክፈተው፣ ወይም በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ላይ የምት በደቂቃ ኮለሙን አውጥተህ እየው። ሌላ ፕሮግራም ካነበበው በእርግጥ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል።


ዝም_ብሎ_አድማጭ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? 75 ሆኖ ከወንበር የሚያስነሳ ዘፈን አለ፣ 170 ሆኖ እንቅልፍ የሚያመጣ አለ። አንድ ቁጥር ስለ ሙዚቃ ምን ይነግረናል?


ሜትሮኖም

ዝም_ብሎ_አድማጭ የተናገረው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ፍጥነት ስለ ስሜት ብዙ አይናገርም። ስለ እግር ግን ይናገራል። ልጁ የጠየቀው ደግሞ ለእግር ነው።

የ84ና የ168ን ነገር ቤዝ በቀልድ ነካው፤ እኔ በከበሮ ልንገርህ። ትልቁ ከበሮ አንድ ሲል፣ ትንሹ ሁለት ሲል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ሲሄዱ ሁለቱንም እየቆጠርህ 84 ልታገኝ ትችላለህ። በመካከላቸው ጸናጽሉ የሚያስገባትን «እና» ጨምረህ ከቆጠርህ 168 ይሆናል። ዘፈኑ አልተለወጠም፤ አንተ የቆጠርኸው እርከን ነው የተለወጠው። ባንድ ውስጥ ስንጫወት መሪው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብሎ ያስጀምረናል፤ እሱ የቆጠረበት እርከን ነው የዚያ ዘፈን ምት የሚባለው። ኮምፒውተሩ ያንን ቆጠራ አልሰማም። ገምቶ ነው።

የትኛው ልክ ነው ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ራስህ የትኛውን እንደምትፈልግ ወስን። አንድ ጊዜ ከወሰንህ ደግሞ በሁሉም ዘፈን ላይ ያንኑ ያዝ። ግማሹ በራስ ንቅናቄ፣ ግማሹ በእግር የተቆጠረ ስብስብ፣ ቁጥር ከሌለው ስብስብ የባሰ ነው።


ድምፅና_ቁጥር

ጋሽ ሜትሮኖም ያለውን ከማሽኑ ወገን ላስረዳ፤ ለምን እንደሚሳሳት ካወቃችሁ የት የት እንደሚሳሳት መገመት ቀላል ነው።

ፕሮግራሙ ድምፁን በጥቃቅን ቁራጭ ከፋፍሎ፣ አዲስ ጉልበት ድንገት የሚነሳበትን ቅጽበት ይፈልጋል፦ ከበሮ ሲመታ፣ ክር ሲነካ፣ ቃል ሲጀመር። ከእነዚህ አንድ መስመር ይሠራና መስመሩን በራሱ ላይ እያንሸራተተ ያስተያየዋል። በግማሽ ሰከንድ ሳንሸራትተው ይገጥማል? በ0.7 ሰከንድስ? ከሁሉ በደንብ የገጠመበት ርቀት የአንድ ምት ርዝመት ተብሎ ይያዛል። 60ን ለዚያ ስታካፍል ቢፒኤም ይወጣል፤ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ 120።

ጣጣው፣ በግማሽ ሰከንድ የሚደጋገም ነገር በአንድ ሰከንድም መደጋገሙ ነው። ስለዚህ 120ም 60ም ጥሩ እጩ ሆነው ይቀርባሉ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በዚህ ጊዜ ወደ መካከለኛው ፍጥነት ያዘነብላሉ። ለምሳሌ ሊብሮሳ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ፣ ሌላ ካልነገሩት፣ መነሻ ግምቱ 120 ነው፤ ከዚያ በራቀ ቁጥር እጩው ነጥብ ይቀነስበታል። የዘፈን_ቆጣሪ ዘፈን ደግሞ ክፉ ቦታ ላይ ነው የወደቀው። 120ን ለ84 አካፍሉ፣ 1.43። 168ን ለ120 አካፍሉ፣ 1.4። ከሁለቱም ወገን እኩል ሊባል የሚችል ርቀት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ፕሮግራሞች በትንሽ የዝንባሌ ልዩነት ተቃራኒ ቁጥር ቢሰጡ አይገርምም። 122 የሆነ የሃውስ ዳንስ ሙዚቃ ብትሰጧቸው ሁለቱም ሳያንገራግሩ ይስማማሉ።

ይህ ችግር በመስኩ የታወቀ ስለሆነ መለኪያው ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። በ2004 ባርሴሎና ላይ በተደረገው የኢስሚር (የሙዚቃ መረጃ ፍለጋ ጥናት) ጉባኤ ፍጥነት ፈላጊ ፕሮግራሞች ሲወዳደሩ አንደኛው ነጥብ ከትክክለኛው በ4 በመቶ ውስጥ ላረፈ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ሁለተኛው ነጥብ ግን እጥፉን፣ ግማሹን፣ ሦስት እጥፉንና ሲሶውንም እንደ ትክክል ይቆጥራል። በሁለተኛው መለኪያ ውጤቱ በጣም ያምራል፤ በመጀመሪያው ይወርዳል። የዛሬዎቹ ተሻሽለዋል፤ የስህተቱ ዓይነት ግን ያው ነው።


ዘፈን_ቆጣሪ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁም። ጋሽ ሜትሮኖም፣ ሥርዓት፣ ድምፅ፣ እንዲህ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለሩጫ ከሆነ 84ም 168ም ይሆነኛል፤ በ84ቱ ላይ በእያንዳንዱ ምት ሁለት እርምጃ እረግጣለሁ። ታጉን ከማረም ይልቅ ፕሌይሊስቱን «ከ160 እስከ 175፣ ወይም ከ80 እስከ 88» ብለውስ?


ቤዝ_ከፍ_አድርግ

ይኸው! ብልጥ ነህ። ሁለት መስመር ሕግ፣ አለቀ ደቀቀ። አይቱንስ ላይ በስማርት ፕሌይሊስት «ከሚከተሉት ማንኛውም» ብለህ ሁለቱን ክልል ትሰጠዋለህ።


ሥርዓት_ወዳዷ

ለሩጫው ይሠራል። የሥራው ፕሌይሊስት ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ድራም ኤንድ ቤዝ ብዙውን ጊዜ 174 አካባቢ ነው፤ ማሽኑ 87 ካለው «ከ90 በታች» ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ጸጥ ብለህ ልትሠራ ስትቀመጥ እሱ ይነሳብሃል። ፍለጋው እጥፉን ሊሸፍንልህ የሚችለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

እኔ የማደርገው ዘውጉን ከቢፒኤሙ ጋር አብሮ ማየት ነው። ማሽኑ ካሰላ በኋላ በኤምፒ3ታግ እከፍትና በዘውግ አጣራለሁ። ድራም ኤንድ ቤዝ ሆኖ ከ100 በታች የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ጥቂቶቹን ከፍቼ በጆሮዬ አረጋግጣለሁ፤ እጥፍ መሆን ካለባቸው ሁሉንም መርጬ፣ የቢፒኤም ፊልዱን በ2 የሚያባዛ አክሽን አስነሳለሁ። ኤምፒ3ታግ የማባዣም የማካፈያም ፈንክሽን አለው፤ አንድ ጊዜ አክሽኑን ጽፈህ ካስቀመጥከው ዕድሜ ልክህን ትጠቀምበታለህ። ለሬጌ፣ ለሂፕሆፕና ለዘገምተኛ ባላድ ደግሞ በተቃራኒው፤ ከ130 በላይ የተባለውን አይቼ፣ ከሆነ ለ2 አካፍላለሁ።

ደብስቴፕ ግን ራስ ምታት ነው፤ 140 ተብሎ ይጻፋል፣ ከበሮው በግማሽ ነው የሚሄደው፣ 70 ነው የሚሰማህ። ለእሱ ጋሽ ሜትሮኖም እንዳለው አንዱን መርጦ መጽናት ብቻ ነው። እኔ 140 እላለሁ።


ዝም_ብሎ_አድማጭ

እና ይሄ «አውቶማቲክ» ነው የምትሉት?


ሥርዓት_ወዳዷ

ዘጠና ከመቶ የሚሆነውን ጉልበት ማሽኑ ይጨርሳል፤ ፍርዱ የሰው ነው። አልተደበቀም እኮ።


ክር_በጣሽ

እኔ የሊነክስና የትዕዛዝ መስመር ሰው ነኝ፤ ቢትስን ልጥቀስ። ላይብረሪውን በጽሑፍ ትዕዛዝ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ለፍጥነት ሁለት የተለያዩ ፕለጊኖች አሉት፣ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ዘፈኑ እየተጫወተ አንተ በምቱ ልክ ኢንተር እየመታህ የሚቆጥርልህ ነው። ሁለተኛው ድምፅ የጠቀሰውን ሊብሮሳ ተጠቅሞ ራሱ ያሰላል። ለብዙ ሺህ ዘፈን ሁለተኛው፣ ለአከራካሪዎቹ አንደኛው።

በዊንዶውስ ፉባር2000 የሚባለውን ማጫወቻ ለለመደ ሰው ደግሞ የቢፒኤም መተንተኛ ኮምፖነንት አለ፤ እሱም በቀኝ ክሊክ እጥፍ አድርግ፣ ግማሽ አድርግ የሚል አለው። ማንም ይሁን ማን፣ እነዚያ ሁለት ትዕዛዞች የሌሉት መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይመረጥም ባይ ነኝ።

አሁን ጥያቄ ለድምፅ፦ አንዱ ፕሮግራም 127.6 ይጽፋል፣ ሌላው 128። ነጥቡ ይቀመጥ ወይስ ይጠጋጋ?


ድምፅና_ቁጥር

እንደ ፋይሉ ዓይነት ነው። ኤምፒ3 ላይ ቢፒኤም የሚቀመጠው በአይዲ3 (የኤምፒ3 ታግ ደንብ) ሁለተኛው ስሪት ውስጥ ቲቢፒኤም በሚባል ፍሬም ነው፤ ደንቡ ሙሉ ቁጥር ይላል። በጽሑፍ መልክ ስለሚቀመጥ 127.6 የሚጽፉ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚያነበው ፕሮግራም ግን ነጥቡን ሊቆርጠው ወይም ፊልዱን ጭራሽ ሊተወው መብቱ ነው። ኤምፎርኤ ላይ ምርጫም የለም፤ ቦታው 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ነጥብ አይገባበትም። ፍላክና ኦግ የሚጠቀሙት ቮርቢስ ኮሜንት ነፃ ጽሑፍ ነው፤ የፈለግኸውን ይይዛል። በነገራችን ላይ በፋይሉ መጨረሻ በ128 ባይት የሚቀመጠው የመጀመሪያው አይዲ3 ለቢፒኤም ቦታ የለውም፤ በጣም ያረጁ ማጫወቻዎች ኮለሙን ባዶ የሚያሳዩት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ለማን ይጠቅማል? በ127.6ና በ128 መካከል በደቂቃ 0.4 ምት ነው። በአራት ደቂቃ ዘፈን 1.6 ምት። ሁለት ዘፈን አንድ ላይ ለሚያስኬድ ዲጄ ይህ መጋጨት ነው። ለሯጭ ምንም ማለት አይደለም። ዲጄውም ቢሆን የሚተማመነው ፕሮግራሙ በራሱ ዳታቤዝ በያዘው የምት መስመር (እያንዳንዱ ምት የት እንደሚወድቅ በሚያሳየው) እንጂ በታጉ አይደለም። ስለዚህ ለዘፈን_ቆጣሪ፦ አጠጋጋው፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን።


ሜትሮኖም

የድሮ ቅጂ ላላችሁ ልጨምር። ሙዚቀኞቹ በሜትሮኖም ጠቅታ ሳይታጠሩ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የተቀዱት ዘፈን አንድ ፍጥነት የለውም። በዝግታ ይጀምራል፣ አዝማቹ ጋ ይሞቃል፣ ሳክስፎኑ ሲገባ የበለጠ ይገፋል። 96 ተነስቶ 102 የሚደርስ ብዙ አለ፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ለእነዚህ የነጥብ ክርክር ከንቱ ነው።

በእጅ ስትቆጥሩም ዘዴው ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል። አንድ ምት ብታስት ውጤቱ በ4 ይዛነፋል ማለት ነው። እኔ ሰዓቱን አልወስንም፤ ምቱን ወስኜ ሰዓቱን እለካለሁ። 32 ምት ስንት ሰከንድ ፈጀ? 1920ን ለዚያ አካፍል። 20 ሰከንድ ከሆነ 96 ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሰዓቱን ስታስነሱ «ዜሮ» በሉ እንጂ «አንድ» አትበሉ። ስትጀምሩ ደግሞ ከመግቢያው አትነሱ፤ ዘፈኑ ከተደላደለ በኋላ፣ ከሁለተኛው አዝማች አካባቢ።


ክር_በጣሽ

ጋሽ፣ ፍጥነቱ መሃል ላይ የሚለወጥ ዘፈንስ? በዝግታ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የሚፈነዳ?


ድምፅና_ቁጥር

የአይዲ3 ደንቡ ራሱ ቢፒኤሙ የዘፈኑ ዋና ክፍል ነው ይላል። ዋናው የቱ እንደሆነ ጆሮህ ይፍረድ። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ለሩጫ አታስገባው፤ መሃል መንገድ ላይ ይጥልሃል።

ምት የሌለው ነገርም አለ፦ በነፃ የሚንቆረቆር መግቢያ፣ የድባብ ሙዚቃ፣ የግጥም ንባብ። ማሽን «አላወቅሁም» ማለት አይወድም፤ ለዝናብ ድምፅም ቁጥር ይሰጣል። እነዚህን ባዶ ተዋቸው። ከዚያ «ቢፒኤም ባዶ የሆነ» ብለህ ስታጣራ ገና ያልተሠራው ከሆን ተብሎ የተተወው እንዳይደባለቅብህ፣ በኮሜንት ፊልድ ላይ «ምት የለውም» ብለህ ጻፍ።


ሥርዓት_ወዳዷ

ከመልቀቅህ በፊት ያላነሳነው የደህንነት ነገር።

ታግ መጻፍ ድምፁን አይነካም፤ ፍላክ ፋይል ውስጥ ያለው ኤምዲ5 ማረጋገጫ የሚሰላው ከድምፁ ብቻ ስለሆነ ታግ ብትቀይርም ያው ይቆያል። ፋይሉ ግን እንደ ፋይል ተለውጧል። የተሻሻለበት ቀን ይቀየራል፣ ባክአፕህም ስብስቡን በሙሉ እንደ አዲስ ሊቀዳው ይነሳል። ባክአፑ በቀስተኛ ኢንተርኔት የሚሄድ ከሆነ በየአልበሙ ከፋፍለህ ሥራ።

ዲጄ ለሆናችሁ የበለጠ ጥንቃቄ። ሴራቶና ትራክተር የሚባሉት የዲጄ ፕሮግራሞች የምት መስመርና የመነሻ ነጥብ መረጃን ኤምፒ3 ፋይሉ ውስጥ በራሳቸው ፍሬም ያስቀምጣሉ። ፒካርድ ላይ ነባር ታጎችን አጥፍተህ ጻፍ የሚለውን ምርጫ ካበራችሁ የማያውቀውን ሁሉ ሊጠርገው ይችላል። ያ ምርጫ ጠፍቶ ይቆይ፤ ቢያንስ የሚጠበቁ ታጎች ዝርዝር ውስጥ ቢፒኤምን አስገቡ፤ አለዚያ አንድ ቀን የአልበም ስም ልታርሙ ስትገቡ የለፋችሁበት ቁጥር አብሮ ይሄዳል።


ዘፈን_ቆጣሪ

ደህና፣ በምክራችሁ ሄጃለሁ። በሚክስክስ አሰላሁ፣ ወደ ፋይል ላክሁ፣ በኤምፒ3ታግ አነበብሁ። ሦስቱም የፋይል ዓይነት ላይ ገብቷል። በዘውግ እያጣራሁ እጥፍና ግማሹን እያረምሁ ነው፤ ሥርዓት ያልሽው የድራም ኤንድ ቤዝ ነገር ልክ ነበር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በ87 ዙሪያ ተሰልፈው አገኘኋቸው።

አንድ ቡድን ግን ግራ አጋባኝ። በ6/8 የሚሄዱት፣ ችክችካ የምንላቸው። አንዱን ማሽኑ 117 አለው፤ እኔ በጋሽ ሜትሮኖም ዘዴ ስቆጥር 78 ይመጣል። እጥፍም ግማሽም አይደለም። ማን ነው የተሳሳተው?


ሜትሮኖም

አይዞህ፣ ጆሮህ ልክ ነው። ማሽኑም ከሜዳ አልወጣም፤ በተሳሳተ መስፈሪያ ነው የሰፈረው።

6/8 ውስጥ በአንድ ቤት ስድስት ትናንሽ ምት አለ፤ እኛ በሦስት በሦስት አድርገን ሁለት ትልቅ ምት እንሰማለን። አንተ ትልቁን ቆጥረህ 78 አገኘህ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትንሽ ስላለ፣ ትንሹ በደቂቃ 234 ይሄዳል። ማሽኑ ደግሞ እነዚያን ትናንሾች በሦስት ሳይሆን በሁለት በሁለት ጠቀለላቸው፦ 234 ለ2፣ 117። ይኸው ነው። አጨብጭበህ ሞክረው፤ በ117 ስታጨበጭብ አንዴ ከከበሮው ጋር ትገናኛለህ፣ አንዴ ትስታለህ፣ መልሰህ ትገናኛለህ። በ78 ሁልጊዜ ትገናኛለህ። ዋልትዝ በመሰለ ባለ ሦስት ምት ዘፈን ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥምሃል።

ይህ ስህተት ከእጥፍና ከግማሹ የከፋ የሚሆነው ለሩጫ ነው። በእጥፉ እግርህ ይገጥማል። በአንድ ተኩል ግን በጭራሽ አይገጥምም፤ ከዘፈኑ ጋር ስትጣላ ትውላለህ።


ድምፅና_ቁጥር

ሚክስክስ ለዚህም መድኃኒት አለው። ዘፈኑን በቀኝ ክሊክ፣ ቢፒኤም ማስተካከያ ውስጥ፣ ከእጥፍና ከግማሽ ሌላ 2/3፣ 3/4፣ 4/3 እና 3/2 የሚሉ ምርጫዎች አሉ። 117ቱን በ2/3 ብትለው 78 ይሆናል። ብዙ ዘፈን በአንዴ መርጠህ ማዘዝ ትችላለህ፤ ግን ሁሉም 6/8 መሆናቸውን መጀመሪያ ስማ፣ በዘውግ ብቻ አትፍረድ። አንድ አልበም ውስጥ 6/8ና 4/4 ጎን ለጎን የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።


ዝም_ብሎ_አድማጭ

እኔም ሳላስበው ጥቂት ዘፈኖች መቁጠር ጀመርሁ። አሁንም ስለ ስሜት ምንም አይናገርም ባይ ነኝ። ግን ዋቭ ፋይሎቼ ላይ ቁጥሩ አልቀመጥ አለ፤ ለምን ይሆን?


ክር_በጣሽ

ገባህ አይደል በመጨረሻ! ዋቭ ላይ ታግ ሁልጊዜ ጣጣ ነው። የራሱ የመረጃ ክፍል ለቢፒኤም የተመደበ ቦታ የለውም፤ አንዳንድ ፕሮግራም አይዲ3ን ዋቭ ውስጥ ይከትታል፣ ሌላው አያነበውም። ወደ ፍላክ ቀይራቸው። ከድምፁ ምንም አይቀነስም፣ የሚይዙት ቦታም ያንሳል፣ ታጉም በሥርዓቱ ይቀመጣል።


ዘፈን_ቆጣሪ

የ2/3ቱ ምርጫ ሠርቷል፣ ጋሽ ሜትሮኖም ተባረክ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በእጄ ያረምኋቸውን ሚክስክስ ሌላ ቀን እንደገና አናላይዝ ሲያደርግ መልሶ አያበላሽብኝም? ደግሞ የስልኬ ማጫወቻ የቢፒኤም ፊልድ የሚያነብ አይመስልም።


ሥርዓት_ወዳዷ

ለመጀመሪያው፣ በሚክስክስ የቢፒኤም ኮለም ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለች። ያረምኸውን ሁሉ ቆልፈው፤ ከዚያ በኋላ ትንተናው አይነካውም። በቀኝ ክሊክም ብዙ ዘፈን በአንዴ ይቆለፋል። ቆልፈህ ስታበቃ እንደገና ወደ ፋይል ታግ ላከው፤ እርማቱ ዳታቤዙ ውስጥ ብቻ ቀርቶ እንዳይሆን።

ለስልኩ፣ ፕሌይሊስቱን ኮምፒውተሩ ላይ ሥራና በኤም3ዩ ፋይል አውጥተህ ከዘፈኖቹ ጋር ቅዳው። ስልኩ ዝርዝሩን ካነበበ ፍጥነቱን ማወቅ አያስፈልገውም። የፋይል አድራሻው ግን ከዝርዝሩ ቦታ አንጻር የተጻፈ ይሁን፤ የኮምፒውተርህን የዲስክ ስም ይዞ ከሄደ ስልኩ አንድም ዘፈን አያገኝም።